የእስስት ምላስ ሲሰንፍ

እስስት ስትባል አስቀድሞ ትዝ የሚለን መልኳን መለዋወጧ ነው። ቃሉ የማይጸና፤ ጠባዩም የማይጨበጥ ሰው ሲያጋጥመን በእርስዋ ስም እንጠራዋለን። ነገር ግን ይህችን ፍጥረት ቀርቦ ለሚመለከታት ሰው ከመልኳ ይልቅ የሚያስደንቀው ምላሷ ነው። ሌላው አውሬ ሮጦ ይይዛል፤ በጥፍሩ ይቧጥጣል፤ በጥርሱ ይነክሳል። እስስት ግን አረማመዷ የዝግታ ስለ ሆነ ርቆ የተቀመጠውን ነፍሳት የምትይዝበት መሣሪያ ምላሷ ብቻ ነው። ምላሷ የሰነፈ እንደ ሆነ ቀለቧ ተቋረጠ ማለት ነው።

በኤውሮጳና በአሜሪካ አገሮች ውሻና ድመት በቤት እንደሚያድጉ ሁሉ እስስትንም በቤታቸው የሚያኖሩ ቤተ ሰቦች አሉ። ከነዚህ እስስቶች ይበልጥ የታወቁት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛይቱ ከቀይ ባሕር ማዶ ከየመንና ከሳዑዲ ዐረቢያ የተገኘችው፤ በራሷ ላይ እንደ ቆብ ከፍ ያለ አጥንት ያላት ናት። ሁለተኛይቱ የማዳጋስካር ደሴት እስስት ስትሆን ወንዱ በቀለሙ እጅግ የደመቀ ነው። ሦስተኛይቱ ከኬንያና ከታንዛኒያ ተራሮች የተገኘችው ናት፤ የእርስዋም ወንዱ በግንባሩ ሦስት ቀንድ አለው። በነዚያ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችንንም ልጆቻቸው ከጓደኞቻቸው ቤት አይተው «ለእኛም ይገዛልን» ብለው ሊለምኗቸው ይችላሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን እንስሳ የሚያኖር ቤተ ሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው አንድ ነገር አለ። እስስት ሕመሟን ደብቃ የምትኖር ፍጥረት ናት። በዱር የሚኖር እንስሳ ድካሙን ባሳየ ጊዜ ለጠላቱ ሲሳይ ስለሚሆን፤ ታሞ ሳለ ጤነኛ መስሎ መታየት ጠባዩ ነው። እስስትም አታቃስትም፤ አትጮኽም። ጌታዋ መታመሟን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከመሸ በኋላ ነው። ምላሷ ግን ምስጢሯን ያወጣል። ዒላማውን የሳተ፤ ያጠረ፤ ወይም ዘግይቶ የተመለሰ ምላስ ስለ መኖሪያዋ፤ ስለ ምግቧና ስለ ጤንነቷ ይናገራል። ይህን ንግግር ማዳመጥ የሚችል ሰው እንስሳይቱን ከሞት ሊያድናት ይችላል።

የጥንት ሰዎች ግምት

በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒዮስ፤ እስስት ሳትበላና ሳትጠጣ በአየር ብቻ የምትኖር እንስሳ ናት ብሎ ጽፏል። ይህም ወሬ በኤውሮጳ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲነገር ኖረ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ብራውን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1646 ባሳተመው የሕዝብን ስሕተት በሚመረምር መጽሐፉ፤ እስስት በአየር ትኖራለች የሚለውን አሳብ ተቃወመ። ሆድ፤ አንጀትና ረዥም ምላስ ያለው እንስሳ ያለ ምግብ የሚኖርበት ምክንያት የለም አለ።

ለጥንት ሰዎች ግን አንድ ነገር ይታሰብላቸው። የእስስት ምላስ ወጥቶ የሚመለሰው በዐይን ጥቅሻ ነው። ዝንቡ በቅጠሉ ላይ ነበረ፤ አሁን ግን የለም። ሲበላ ያላየ ሰው አትበላም ቢል አያስደንቅም። በዛሬው ዘመን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ሥዕል የሚያነሣ መኪና ስለ ተገኘ ዐይን የማይደርስበት ሥራ ተገልጦ ታይቷል።

የምላሷ አሠራር

በእስስት ምላስ ውስጥ እንደ ሹል እንጨት ቀጥ ያለ አጥንት አለ። በአጥንቱ ዙሪያ እንደ እጅጌ የተጠቀለለ ጡንቻ ይገኛል። በጡንቻውና በአጥንቱ መካከልም አንዱ ባንዱ ውስጥ የገቡ ቀጫጭን የጅማት ሽፋኖች አሉ። የሆላንድ ሊቃውንት በ2004 እንደ ገለጡት፤ ጡንቻው አስቀድሞ ሲኮማተር እነዚህ ሽፋኖች ተለጥጠው ኃይል ያከማቻሉ። ይህም ቀስተኛ ፍላጻውን ከመልቀቁ በፊት ደጋኑን እንደሚስብ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ጡንቻው ከአጥንቱ ጫፍ ሲንሸራተት የተከማቸው ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ልጆች እርጥብ የሎሚ ፍሬ በሁለት ጣታቸው ጨምቀው ሲያስፈነጥሩት የሚሆነውን ማሰብ ነገሩን ለማስተዋል ይረዳል።

ምላሱ ጅራት ሳይቈጠር የሰውነቷን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ይረዝማል። በ2016 በብራውን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ክሪስቶፈር አንደርሰን ሃያ ዓይነት እስስቶችን መርምሮ፤ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ የሚበልጥ ፍጥነት እንዳላቸው አሳየ። አውራ ጣት የምታህል አንዲት የታንዛኒያ እስስት ምላሷን የሰውነቷን ቁመት ሁለት እጥፍ ተኩል አድርጋ ወርውራለች። ከዕረፍት ተነሥቶ ለመፍጠንም የምላሷ ኃይል ምድር የወደቀን ነገር ከምትስብበት ኃይል 264 ጊዜ የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቷል።

ምላሱ ዒላማው ላይ ሲደርስ ጫፉ እንደ እፍኝ ጎድጎድ ብሎ ነፍሳቱን ይጨብጣል። በዚያውም ላይ ምራቋ እጅግ የሚያጣብቅ ነው። በቤልጅግ አገር በሞንስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት በ2016 ባወጡት ጽሑፍ፤ በምላሷ ጫፍ ያለው ምራቅ ከሰው ምራቅ 400 ጊዜ ያህል የወፈረ መሆኑን አስታወቁ። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ምላሱን ከነምርኮው ወደ አፍ የሚስበው ሌላ ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ በዕረፍት ጊዜ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ይቀመጣል።

እንግዲህ አንባቢ ልብ እንዲለው የምንሻው ይህን ነው፤ ምላሱን የሚወረውረው አንድ ነገር፤ የሚመልሰውም ሌላ ነገር ነው። ዒላማውን የሚያሳያት ዐይኗ ነው፤ ምርኮውን የሚያጣብቀው ምራቋ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል የጥፋቱ መልክ ይለያያል። ስለዚህ «ምላሷ ታመመ» ከማለት በፊት የትኛው ክፍል እንደ ደከመ መመልከት ያስፈልጋል።

የማያሳስብ ጠባይ

እንግዳ መስሎ የሚታይ ሁሉ ሕመም አይደለም። እስስት በቅርንጫፍ ላይ ስትራመድ የምላሷን ጫፍ አውጥታ እንጨቱን ትነካለች፤ ይህ አካባቢዋን የምትመረምርበት ዘዴ ነው። ከመወርወሯ በፊት አፏን ጥቂት ከፍታ የምላሷን ጫፍ ቀስ ብላ ታወጣለች፤ ይህም ዒላማዋን ማስተካከሏ ነው። በቅጠል ላይ የሚያብረቀርቅ የውሃ ጠብታ ወይም በመስተዋት ላይ የተለጠፈ ጉድፍ አይታ ብትወረውር አያስፈራም። ምግቡ ከአፏ አጠገብ የሆነ እንደ ሆነም ምላሷን ሳትወረውር በመንጋጋዋ ብቻ ልታነሣው ትችላለች። ቆዳዋን በምትገፍበት ሰሞን የምግብ ፍላጎቷ ጥቂት ቢቀንስ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያሳስበው ሁልጊዜ የምታደርገውን ስትተው፤ ወይም አንድ ጊዜ የታየው ጉድለት በየቀኑ ሲደጋገም ነው።

የሚያሳስቡ ምልክቶች

አንደኛው ምልክት ምላሱ ደኅና ወጥቶ በዝግታ ሲመለስ ነው። እንዲህ ሲሆን አስቀድሞ የሚጠየቀው ቴርሞሜትር ነው። እስስት ሰውነቷን ከውስጥ የምታሞቅ አይደለችም፤ ሙቀቷን ከፀሐይና ከአካባቢዋ ትቀበላለች። በ2010 በየመን እስስቶች ላይ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ የመወርወሩ ብርታት የሚጐድለው ከመቶ ከ10 እስከ 19 ብቻ ነው። የመመለሱ ብርታት ግን ከመቶ ከ42 እስከ 63 ይጐድላል። ምክንያቱም መወርወሩ በተለጠጠው ጅማት ኃይል ሲሆን መመለሱ በጡንቻ ጉልበት ብቻ የሚፈጸም ስለ ሆነ ነው፤ ጡንቻም በብርድ ይሰንፋል። ስለዚህ ጧት ገና ሳትሞቅ ምግብ ማቅረብ አይገባም።

ሁለተኛው ምልክት በሞቀ ቦታ ሳለች ምላሱ እያጠረ ከዒላማው በታች ሲቀር ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የካልሲዩም ማነስ ወሬ ነጋሪ ነው። ካልሲዩም ለአጥንት ብርታት ብቻ ሳይሆን ለጡንቻ መኮማተርም ያስፈልጋል። ካልሲዩም ያነሳት እስስት ምላሷ ይሰንፋል፤ እግሮቿ ይጐብጣሉ፤ ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅታታል፤ መንጋጋዋ ይለሰልሳል። እግር እስኪጐብጥ መጠበቅ ግን ዘግይቶ መንቃት ነው፤ ምላሱ ካጠረበት ቀን ጀምሮ ምክንያቱን መፈለግ ይሻላል።

ሦስተኛው ምልክት ምላሱ በሙሉ ኃይሉ ተወርውሮ በግራ ወይም በቀኝ ሲያልፍ፤ ወይም ከዒላማው በፊት ወይም በኋላ ሲያርፍ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የምላሱ ላይሆን ይችላል። እስስት ርቀትን የምትለካው የዐይኗን ብርሃን በዒላማው ላይ በማስተካከል ነው። በ1977 በታተመ ምርምር በእስስቶች ዐይን ፊት የመነጽር መስተዋት በተደረገ ጊዜ ርቀቱን ተሳስተው ወርውረዋል። ስለዚህ የምትስት እስስት ስትገኝ ዐይኗን መመልከት ተገቢ ነው። በቀን ዐይኗን የምትጨፍን፤ የዐይኗ ቆብ ያበጠ፤ ወይም ዐይኗ ወደ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ሐኪም ሊያያት ይገባል።

አራተኛው ምልክት ምላሱ ነፍሳቱን ነክቶ ሳይዝ ሲመለስ ነው። ይህ የምራቁን ማነስ ወይም መለወጥ ያመለክታል። አንዱ ምክንያት ውሃ ጥም ነው። ከኩሷ ጋር የሚወጣው ነጭ ነገር ወደ ብርቱካን ቀለም ከተለወጠ ውሃ እንደ ጐደላት መጠርጠር ይገባል። ሌላው ምክንያት የቪታሚን ኤ ማነስ ሲሆን ይህ ጉድለት ዐይኗንም የሚያሳብጥ ነው። ነገር ግን ቪታሚን ኤ ሲበዛም መርዝ ስለሚሆን መጠኑን መወሰን የሐኪም ሥራ እንጂ የጌታዋ ግምት አይደለም።

አምስተኛው ምልክት ምግቡን እያየች፤ እየፈለገችውም፤ ምላሷን ለመወርወር እንቢ ስትል ነው። ይህ የሕመም ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ድዷ ቀልቶ፤ ከንፈሯ አብጦ፤ ወይም በአፏ ውስጥ ቢጫ ነገር ተጋግሮ ቢታይ የአፍ ቁስል አለባት ማለት ነው። አፏን ከፍታ የምትውል እስስት ደግሞ ሁለት ነገር ሊያስቸግራት ይችላል። ሙቀት በዝቶባት የሆነ እንደ ሆነ ቦታውን ሲያበርዱላት ወዲያው ትዘጋዋለች። ሲበርድላትም ካልዘጋችው፤ ወይም ስትተነፍስ ፉጨት ከተሰማና በአፏ አረፋ ከታየ ሕመሙ የሳንባ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ምላሱ ሳይመለስ ሲቀር

ከሁሉ የሚከፋው ምላሱ ወጥቶ ተንጠልጥሎ ሲቀር ነው። ይህ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ምርኮው ከቅርንጫፍ ወይም ከሽቦ ጋር ተጣብቆ ሲይዝባት ነው። አንዳንድ ጊዜም ሰው በእጁ ወይም በወረንጦ የያዘውን ፌንጣ ሳይለቅ ይቀርና ምላሷን በግድ ይጐትተዋል። በዚህ ጊዜ መላሹ ጡንቻ ይጐዳል። የወጣ ምላስ በአየር ይደርቃል፤ ያብጣል፤ እስስቲቱም ራሷ ልትረግጠው ወይም ልትነክሰው ትችላለች።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ሊደረጉ የማይገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ምላሱን መጐተት አይገባም። በግድ ወደ አፏ መክተት አይገባም። በቤት ውስጥ መቁረጥ ወይም የሰው መድኃኒት መቀባትም አይገባም። የሚገባው ግን በንጹሕና ለብ ባለ ውሃ እያራሱ እንዳይደርቅ መጠበቅ ነው። ከዚያም እርጥብና ለስላሳ ጨርቅ በተነጠፈበት፤ ቅርንጫፍም በሌለበት ሣጥን ውስጥ አድርገው በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ማድረስ ነው። ሐኪሙ እብጠቱን አብርዶ ሊመልሰው ይችል ይሆናል። ሥጋው የሞተ እንደ ሆነ ግን የሞተውን ክፍል ቈርጦ ሊያነሣው ይገደዳል። ምላሷ የተቈረጠ እስስት ሁሉ ትሞታለች ማለት አይደለም። ጌታዋ በትዕግሥት በአፏ አጠገብ ምግብ እያቀረበ ካስለመዳት በመንጋጋዋ እያነሣች ልትኖር ትችላለች። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ በሰው እጅ የምትጠበቅ ፍጥረት ሆነች ማለት ነው።

አስቀድሞ የሚደረግ ጥንቃቄ

ከተጠቀሱት ሕመሞች የሚበዙት በቤት አያያዝ የሚመጡ ስለ ሆኑ በቤት አያያዝ ሊከለከሉ ይችላሉ። ከሁሉ የሚቀድመው ብርሃን ነው። እስስት ካልሲዩምን በሰውነቷ ለማዋል ከፀሐይ የሚመጣው የማይታይ ጨረር ያስፈልጋታል። ይህ ጨረር በመስኮት መስተዋት አያልፍም። በመስኮት አጠገብ ያለች እስስት ብርሃን ታያለች እንጂ የሚጠቅማትን አታገኝም። ለዚሁ የተሠራ መብራት አለ፤ እርሱም ቢሆን ለዐይን እየበራ ሳለ ጨረሩ እየደከመ ስለሚሄድ ሠሪው ባዘዘው ጊዜ መለወጥ አለበት።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ፌንጣዎቹ ራሳቸው አስቀድመው ቅጠላ ቅጠል መብላት አለባቸው፤ በባዶ ሆዳቸው የሚሰጡ ነፍሳት ጥቅማቸው ጥቂት ነው። ሐኪም ባዘዘው መጠን የካልሲዩም ዱቄት ይነሰነስባቸዋል። ያልተበሉ ፌንጣዎችም በሌሊት እስስቲቱን ስለሚነክሷት ማታ ከጎጆው ማውጣት ይገባል።

ሦስተኛው ውሃ ነው። እስስት በሳሕን የተቀመጠ ውሃ አይታ አትጠጣም ቢባል ከእውነት አይርቅም። በዱር የምትጠጣው ከቅጠል ላይ ጤዛና የዝናብ ጠብታ እየላሰች ስለ ሆነ፤ በቤትም ቅጠሎቿን በውሃ መርጨት ያስፈልጋል።

አራተኛው የልጆች ሥነ ሥርዓት ነው። ልጆች የምላሷን ፍጥነት ለእንግዳ ለማሳየት ምግብ እያቀረቡ መልሰው እንዳይነጥቋት ወላጆች ሊከለክሉ ይገባል። እንስሳይቱን ያደክማታል፤ ለጉዳትም ያጋልጣታል። በዚህ ፈንታ ልጆቹ አንድ ደብተር ይያዙ። ቀኑን፤ የጎጆውን ሙቀት፤ ስንት ጊዜ እንደ ወረወረች፤ ስንቱን እንደ ያዘችና ስንቱን እንደ ሳተች ይጻፉበት። በሐኪም ቤት ውስጥ እስስት ደንግጣ ምላሷን ስለማታሳይ፤ ይህ ደብተርና በስልክ የተቀረጸ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለሐኪሙ ትልቅ ርዳታ ነው። ለልጁም ቢሆን ተመልክቶ መጻፍን፤ ከመፍረድም በፊት መመርመርን ያስተምረዋል።

በመጨረሻም ስለ አገራችን እስስቶች ጥቂት ቃል እንጨምራለን። ኢትዮጵያ የብዙ ዓይነት እስስቶች አገር ናት። በባሌ ተራሮች በሐረና ደን በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ ይኖራሉ። እነዚህ ቤታቸው ዱር ነው። ብርሃናቸው ፀሐይ፤ ውሃቸው ጤዛ፤ ምግባቸውም በቅጠል ላይ የሚያርፈው ዝንብ ስለ ሆነ ከሰው የሚፈልጉት በሰላም መተውን ብቻ ነው። ከአገር ወደ አገር የሚደረገውም የእስስት ንግድ በ1973 በዋሽንግተን በተፈረመው የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ውል መሠረት ቁጥጥር ይደረግበታል። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን እስስት ለማኖር ከቈረጡ በሰው ቤት ተራብታ ያደገችውን መምረጥና አስቀድሞም እንዲህ ያለውን እንስሳ የሚያክም ሐኪም በአካባቢያቸው መኖሩን መጠየቅ ይገባቸዋል። ጎጆውን ገዝቶ ሐኪሙን ከመፈለግ ሐኪሙን አግኝቶ ጎጆውን መግዛት ይሻላል።